«ደኅና ነኝ» የሚለው መልስ በወረርሽኝ ጊዜ ምን ይነግረናል?

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት ከሦስት ዓመት በላይ ከተደራደሩ በኋላ በግንቦት 2025 ዓለም አቀፉን የወረርሽኝ ስምምነት አጽድቀዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀጣዩ ወረርሽኝ የሚደረገው ውይይት በአብዛኛው በክትባት አቅርቦት፣ በበሽታ ቅኝትና በመድኃኒት ክፍፍል ላይ ያተኮረ ነው። ማተኮሩ ተገቢ ቢሆንም ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣ አንድ ጉዳይ ብዙም ቦታ አላገኘም። ወረርሽኝ በገባበት ስፍራ ሁሉ የመጀመሪያውን ምርመራ የሚያደርገው ራሱ ሰውየው ነው። ጉሮሮው ሲከረክረው ወይም ድካም ሲጫጫነው «ታምሜ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ለምርመራ መሄዱም፣ ሥራ መግባቱም፣ ከቤተሰቡ ራሱን መለየቱም ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ኮቪድ-19 በተስፋፋባቸው ዓመታት ስለዚህ መልስ ሁለት የማይታረቁ አባባሎች ይደመጡ ነበር፤ ዛሬም ይደመጣሉ። አንደኛው «ምንም ካልተሰማኝ አልያዘኝም ማለት ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ሰውን ያሳመመው በሽታው ሳይሆን ፍርሃቱ ነው» ይላል። የመጀመሪያው የሰውን ስሜት ከላቦራቶሪ በላይ ያምናል፤ ሁለተኛው ስሜቱን ከናካቴው አያምንም። ሁለቱም ግን ሰው ስለ ጤናው የሚሰጠው ምስክርነት ምን እንደሚለካ ሳይጠይቁ ወደ ፍርድ ይቸኩላሉ።

በሽታ፣ ሕመም እና የጤና ራስ ግምገማ

«በሽታ» እና «ሕመም» የሚሉትን ቃላት በዕለት ንግግር እያፈራረቅን ብንጠቀምባቸውም ልዩነታቸው ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። በሽታ በሰውነት ውስጥ ያለ፣ በምርመራ ሊደረስበት የሚችል መዛባት ነው። ሕመም ግን ሰውየው የሚሰማው ነው። በሽታ ያለ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ የደም ግፊት ለዓመታት ምንም ሳይሰማ መቆየቱ የታወቀ ነው። ሕመምም የትኛውም ምርመራ ምክንያቱን ሳያገኝለት ሊኖር ይችላል። በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ጤናን የበሽታ ወይም የአቅም ማነስ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የተሟላ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ነው ብሎ ሲተረጉመው፣ ሁለቱንም በአንድ የሚያቅፍ ሰፊ ትርጉም መስጠቱ ነበር።

ተመራማሪዎች የጤና ራስ ግምገማ የሚሉት አንድ ሰው ስለ ጤናው በጥቅሉ የሚሰጠውን ፍርድ ነው። የሚለካበት ጥያቄ አጭር ነው፦ «በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው?» ተጠያቂው እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ ወይም መጥፎ ከሚሉት አንዱን ይመርጣል። ጥያቄው ከቀላልነቱ የተነሣ ሊናቅ ይችላል። ይሁን እንጂ በካናዳ ማኒቶባ ግዛት ከ3 ሺህ በላይ አረጋውያንን ለዓመታት ተከታትሎ በ1982 የታተመ ጥናት፣ ጤናቸውን መጥፎ ያሉ ሰዎች የሕክምና መዝገባቸው ከሚያሳየው ሁኔታ ባሻገር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። በ2006 የታተመና በርካታ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ትንተና ደግሞ «መጥፎ» ብለው የመለሱ ሰዎች የመሞት አደጋ «እጅግ በጣም ጥሩ» ካሉት በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አገኘ።

ይህ ለምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሰው ስለ ራሱ ሲመልስ በመዝገብ ያልሰፈሩ ብዙ ነገሮችን አብሮ ይመዝናል፦ ደረጃ ሲወጣ የሚሰማውን፣ የእንቅልፉን ሁኔታ፣ ወላጆቹ በምን ዕድሜ በምን በሽታ እንደሞቱ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ አቅሙ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን። ሐኪም የሚያየው የአንድ ቀን ሁኔታን ነው፤ ሰውየው ግን አካሉን የሚያውቀው በቆይታ ነው። ስለዚህ ራስ ግምገማ በሰላሙ ጊዜ ቁም ነገር ያለው መረጃ መሆኑ አያከራክርም። አከራካሪው ነገር የሚጀምረው ወረርሽኝ ሲመጣ ነው።

መለኪያው ሲንቀሳቀስ

በጀርመን ከ2014 ጀምሮ ብዙ ሺህ ሰዎችን የሚከታተል ብሔራዊ የጤና ጥናት አለ። ጥናቱ በ2020 በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 74 ከሆነ ከ113 ሺህ በላይ ተሳታፊዎች መልስ ሰብስቦ፣ ቀደም ሲል ከሰጡት መልስ ጋር አነጻጸረው። የተጠበቀው ነገር ታይቷል፦ መካከለኛና ከባድ የድባቴ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ድርሻ ከ6.4 ወደ 8.8 በመቶ ከፍ አለ፤ የአእምሮ ውጥረትም በሁለቱም ፆታዎችና በሁሉም የዕድሜ ክልሎች፣ በተለይም በወጣቶች ላይ ጨመረ። ያልተጠበቀው ግን ከተሳታፊዎቹ 32 በመቶ የሚሆኑት ጤናቸውን ከቀድሞው የተሻለ አድርገው መመዘናቸው ነበር። ጭንቀትና ድባቴ በሚያድጉበት፣ የሟቾች ቁጥር በየምሽቱ በሚነገርበት ወቅት ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ጤናዬ ተሻሽሏል ማለቱ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ማብራሪያ ንጽጽር ነው። «ጤናዬ ጥሩ ነው» የሚለው ፍርድ ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጥ ቢሆንም መልስ ሰጪው ከምን ጋር እንዳነጻጸረ አይናገርም። ከወረርሽኙ በፊት ሰው ራሱን የሚያነጻጽረው ከወጣትነቱ፣ ከእኩዮቹ፣ ሊሆን ከሚመኘው አካል ጋር ነበር። በወረርሽኙ ወቅት ግን በዓይኑ ፊት የቆመው ሌላ ምስል ነው፤ ቬንቲሌተር በሚባለው የመተንፈሻ ማገዣ መሣሪያ ላይ የተኛ ሰው። ከዚህ ምስል አንጻር የቆየ የወገብ ሕመም ወይም የጉልበት ቁርጥማት ሚዛን አይደፋም። በሕይወት ጥራት ጥናት ይህ ክስተት የመልስ ሽግግር ይባላል፦ የሰውየው አካል ሳይለወጥ የሚለካበት ውስጣዊ መስፈርት ይለወጣል፤ በዚህም የተነሣ ያው አካል ሌላ ውጤት ያገኛል።

ሁለተኛው ማብራሪያ ለውጡ እውነተኛ ነው የሚል ነው። በብዙ አገሮች የሰዎች እንቅስቃሴ በተገታበት ወቅት የኢንፍሉዌንዛ ሥርጭት በዓለም ዙሪያ እጅግ ወርዶ ነበር፤ ቤታቸው ሆነው መሥራት የቻሉ ሰዎች ደግሞ ከጉዞ ድካም ተገላግለው የተሻለ እንቅልፍ አግኝተው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ማብራሪያ የመልስ ሰጪዎቹን ማንነት ይመለከታል፤ በጠና የታመመ ወይም በሕመምተኛ እንክብካቤ የተወጠረ ሰው መጠይቅ ለመሙላት ጊዜም አቅምም አይኖረውም። ሦስቱም የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያው የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ። ድባቴና የጤና ራስ ግምገማ በተለመደው ጊዜ አብረው የሚወጡና አብረው የሚወርዱ ናቸው፤ በዚህ ወቅት መለያየታቸው የጤናው መለኪያ ከወትሮው ቦታ መነሣቱን የሚጠቁም ይመስለኛል። ይህ ከሆነ፣ ከወረርሽኝ በፊት የተሰበሰበን የራስ ግምገማ በወረርሽኝ መሐል ከተሰበሰበው ጋር ቁጥር ለቁጥር አነጻጽሮ «የሕዝቡ ጤና ተሻሻለ» ወይም «ተበላሸ» ማለት ጥንቃቄ የጎደለው ድምዳሜ ይሆናል።

ትኩረት ሕመምን የሚያጎላበት መንገድ

ሰውነት ለአንጎል የሚልከው ምልክት የማያቋርጥ ነው፤ የልብ ምት፣ የትንፋሽ መጠን፣ የጡንቻ ውጥረት፣ የጨጓራ እንቅስቃሴ። አብዛኛው ወደ ንቃታችን አይደርስም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከ1980ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ያቀረበው ሐሳብ፣ የውስጡ ምልክትና የውጩ ዓለም ለአንዱ ውስን ትኩረታችን ይሻማሉ የሚል ነው። ፊልም የሚያዩ ሰዎች በአሰልቺዎቹ ትዕይንቶች ላይ ይበልጥ እንደሚያስሉ አስተውሏል፤ ጉሮሯቸው ስለ ተለወጠ ሳይሆን ትኩረታቸውን የያዘው ነገር ስለ ላላ ነው። ለሳምንታት ከቤት ያልወጣ፣ የዕለት ውሎው የተቋረጠ ሰው የውጩ ዓለም ጸጥ ሲልበት የራሱን አካል ድምፅ ከወትሮው ጎልቶ መስማቱ ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል።

በዚህ ላይ የሚጠበቀው ነገር ሲታከልበት ነገሩ ይወሳሰባል። የኮቪድ-19 ምልክቶች ተብለው የተዘረዘሩት ሳል፣ ድካም፣ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ማንኛውም ሰው በማንኛውም ወር ሊሰሙት የሚችሉ ናቸው። ጭንቀት ራሱ ትንፋሽን ያፈጥናል፤ ፈጣን ትንፋሽ በደም ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይቀንሳል፤ ይህም ማዞር፣ የጣት መደንዘዝና የደረት መጨነቅ ያስከትላል። ሰውየው ደረቱ ሲጨንቀው ያስፈራራው በሽታ የመጣ ይመስለዋል፤ ፍርሃቱ ትንፋሹን ይበልጥ ያፈጥነዋል። ይህ አዙሪት የተፈጠረው ሰውየው ስላስመሰለ አይደለም፤ እያንዳንዱ ደረጃ በአካሉ ውስጥ የሚካሄድ ሂደት ነው።

የዚህ ክስተት ግልጽ ማስረጃ የተገኘው ከክትባት ሙከራዎች ነው። በእነዚህ ሙከራዎች ከተሳታፊዎቹ ከፊሉ ክትባቱን፣ ከፊሉ ደግሞ ፕላሴቦ የሚባለውን መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ይወስዳሉ፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ አያውቁም። አሥራ ሁለት የኮቪድ-19 ክትባት ሙከራዎችን የመረመረና በ2022 የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ፕላሴቦ ከወሰዱት 35 በመቶ የሚሆኑት እንደ ራስ ምታትና ድካም ያሉ መላ ሰውነትን የሚመለከቱ የጎንዮሽ ጉዳቶች ተሰምተዋቸዋል። ጉዳት በመጠበቅ ብቻ የሚመጣው እንዲህ ያለው ሕመም ኖሴቦ ይባላል። ከእነዚህ ራስ ምታቶችና ድካሞች ከፊሎቹ ያለ መርፌውም ሊመጡ የሚችሉ የዕለት ሕመሞች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ያም ሆኖ ውጤቱ ሰዎች ለሕመማቸው የሚሰጡት ምክንያት ከሚጠብቁት ነገር ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ያሳያል።

የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም በየካቲት 2020 ዓለም ከወረርሽኙ ጋር ብቻ ሳይሆን ከኢንፎዴሚክ ጋርም እየታገለ ነው ብለው ነበር፤ ቃሉ እውነትና ሐሰት የተቀላቀለበት የመረጃ ጎርፍን ያመለክታል። ጎርፉ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከሐሰተኛ ፈውስና ከሤራ ወሬ ጋር ተያይዞ ነው። እውነተኛ መረጃም ቢሆን ግን በየሰዓቱ ሲደጋገም የሰውን ትኩረት ወደ ደረቱና ወደ ጉሮሮው እንደሚመልሰው ሊጤን ይገባል።

ሰውነት ዝም ሲል

እስካሁን የተባለው ሁለተኛውን አባባል፣ ማለትም «ያሳመመን ፍርሃቱ ነው» የሚለውን፣ የሚደግፍ ሊመስል ይችላል። ሌላኛው የጉዳዩ ገጽታ ግን ይህን ያፈርሰዋል፤ «ምንም ካልተሰማኝ አልያዘኝም» የሚለውንም አብሮ ይጥለዋል። በ2020 መጀመሪያ በጃፓን ወደብ ላይ እንዲገለል በተደረገው ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለ የመንገደኞች መርከብ ላይ ከነበሩት 3,711 ሰዎች 712ቱ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነዚህም ወደ ግማሽ የሚጠጉት በተመረመሩበት ጊዜ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ከፊሎቹ በኋላ ታመዋል፤ ከፊሎቹ ግን እስከ መጨረሻው ምንም አልተሰማቸውም። እነዚህ ሰዎች በተጠየቁ ጊዜ «ደኅና ነኝ» ቢሉ አልዋሹም፤ ቃላቸው ስለ ሕመም እንጂ ስለ በሽታ አልነበረም። ቫይረሱን ወደ ሌላ ለማስተላለፍ ደግሞ የሚፈለገው በሽታው እንጂ ሕመሙ አይደለም።

ከዚህ የከፋው ደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በአደገኛ ሁኔታ ወርዶም ታማሚው ትንፋሽ አጠረኝ የማይልበት ሁኔታ ነው። ሐኪሞች በ2020 ስልክ እያናገሩ፣ ጨዋታ እያወሩ ኦክስጅናቸው እጅግ የወረደ ታማሚዎች ገጠሟቸው። አካላዊ ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የመተንፈስ ጉጉትን በዋናነት የሚቀሰቅሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው እንጂ የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ ሳንባ በከፊል ቢጎዳም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማስወጣት እስከቻለ ድረስ አንጎል የማንቂያ ደወሉን ዘግይቶ ያሰማል። ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባለው በጣት ላይ የሚደረግ ትንሽ መሣሪያ በየቤቱ የገባው ሰውነት የማይናገረውን እንዲናገር ነበር። መሣሪያውም ቢሆን ግን ፍጹም አይደለም። በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በመሣሪያው ሳይታወቅ የሚያልፍ የኦክስጅን ማነስ በጥቁር ታማሚዎች ላይ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ በዝቶ እንደሚታይ አሳይቷል፤ ምክንያቱ መሣሪያው የሚሠራው ብርሃንን በቆዳ በኩል አሳልፎ በመለካት መሆኑ ነው። ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው «ደኅና ነኝ» ሲል መሣሪያውም «ደኅና ነህ» ብሎ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ ማለት ነው። ይህ በሕዝብ ጤና ምክር ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ እጅግ የሚበልጥ ቦታ ይገባዋል።

ከግምገማ ወደ ውሳኔ

ሰው ለጤናው የሚሰጠው ግምት በሐሳብ ደረጃ ቢቀር ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን ወደ ውሳኔ ይለወጣል። በእንግሊዝ ከልብ የደም ሥር መዘጋት ጋር በተያያዘ ድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች ቁጥር በመጋቢት 2020 መጨረሻ ከቀደመው ዓመት ሳምንታዊ አማካይ በ40 በመቶ ወርዶ ነበር። የልብ ሕመም በአንድ ወር ውስጥ በዚህ መጠን አልጠፋም፤ ከፊሉ ሕመምተኛ ደረቱን እያመመው ቤቱ ቀርቷል። በአሜሪካም በሰኔ 2020 መጨረሻ ከአዋቂዎች 41 በመቶ የሚሆኑት በወረርሽኙ ሳቢያ ሕክምና ማዘግየታቸውን ወይም መተዋቸውን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ገምቷል፤ አስቸኳይ ሕክምና ያዘገዩት ወይም የተዉት 12 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሁለት አደጋዎችን መዝነዋል፦ በሁሉም አፍ ያለውን የሆስፒታል ቫይረስ፣ እንዲሁም ማንም ያላወራላቸውን የገዛ ልባቸውን። ብዙ የተወራለት አደጋ ከባድ መስሎ መታየቱ በሥነ ልቦና የታወቀ ዝንባሌ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኒል ዋይንስታይን በ1980 ባሳተመው ጥናት የገለጸው ያልተጨበጠ ብሩህ ተስፋ የሚባል ዝንባሌ አለ፤ ሰዎች በአማካይ ክፉ ነገር ከእነሱ ይልቅ በሌሎች ላይ ይደርሳል ብለው ይገምታሉ። ሁለቱ ዝንባሌዎች በአንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖራቸው እርስ በርስ አያፋልሳቸውም። አንድ ሰው ወረርሽኙ ለዓለም እጅግ አደገኛ መሆኑን አምኖ፣ እሱን ግን እንደማይነካው ሊያስብ ይችላል።

ስለ ዝንባሌ ብቻ ማውራት ግን የኑሮን ጫና ይሸፍናል። የሕመም ፈቃድ ለሌለው፣ አንድ ቀን ከሥራ መቅረት የዕለት ገቢውን ለሚያሳጣው ሰው «ታምሜአለሁ» ብሎ ማመን ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ቀላል ትኩሳት ሲሰማው «ብርድ ነው» ብሎ ማለፉን የግንዛቤ ጉድለት ማለት ፍትሐዊ አይደለም፤ ያ ሰው ምልክቱን የሚመዝነው ከሚያስከትልበት ጋር ነው። ገቢው ሳይቋረጥ ቤቱ መቆየት የሚችል ሰው ያንኑ ትኩሳት በነጻነት «ሕመም» ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ «ምልክት ካለብዎ ቤትዎ ይቆዩ» የሚል ምክር የገቢ ዋስትና ካልተያያዘበት በሁለቱ ሰዎች ዘንድ አንድ ዓይነት ምክር አይሆንም።

ምክሩ የሚነገርበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። «ካመመዎ ወደ ሕክምና ይሂዱ» የሚለው አነጋገር ፍርዱን ለሰውየው ስሜት ይተወዋል፤ ስሜቱ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ሊያጎላም ሊሸፍንም ይችላል። «ደረትዎን ከተጫነዎ፣ ግራ የመጋባት ሁኔታ ከታየብዎ ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ምንም ቢሰማዎ ወዲያውኑ ይሂዱ» የሚለው ግን ውሳኔውን በተወሰኑ ምልክቶች ላይ ያስራል።

የታማሚው ቃል ማስረጃ ሲሆን

የራስ ግምገማን ውስንነት ያየ ሰው ከነጭራሹ ሊጥለው ይቃጣው ይሆናል። የወረርሽኙ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። በመጋቢት 2020 በብሪታንያ ሰዎች የሚሰማቸውን በየቀኑ የሚመዘግቡበት የስልክ መተግበሪያ ሥራ ጀመረ፤ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ያስገቡትን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ቫይረሱ ከተገኘባቸው 65 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የማሽተትና የመቅመስ ችሎታቸው እንደጠፋ ሲናገሩ ነጻ ከሆኑት መካከል ግን ይህን ያሉት 22 በመቶ ገደማ እንደነበሩ አሳየ። በዚያን ጊዜ ሽታ ማጣት በብዙ ይፋዊ የምልክት ዝርዝሮች ውስጥ አልተካተተም ነበር። ሽታ መጥፋቱን መጀመሪያ የሚያስተውለው ራሱ ታማሚው ነው።

የረጅም ጊዜ ኮቪድ የሚባለውም ሁኔታ ስሙን ያገኘው በ2020 ራሳቸው ታማሚዎቹ ስላወጡለት ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ እጅግ የጠነከረ ነው። በፈረንሳይ 26,823 ሰዎችን ያካተተና በ2021 መጨረሻ የታተመ ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ ከሚቆዩት ምልክቶች ከአብዛኞቹ ጋር ይበልጥ የተያያዘው «ኮቪድ ይዞኝ ነበር» ብሎ ማመን እንጂ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው አንቲቦዲ በደም ምርመራ መገኘቱ እንዳልሆነ አመለከተ፤ ከአንቲቦዲው ጋር የተያያዘው የሽታ ማጣት ብቻ ነበር። አንዳንዶች ይህን ሕመሙ በእምነት የተፈጠረ ነው ለማለት ተጠቀሙበት። ተቺዎች በበኩላቸው የአንቲቦዲ ምርመራ ተይዘው የነበሩ ሰዎችን ሊያመልጥ እንደሚችል፣ የታመመ ሰውም ለሕመሙ ምክንያት ሲፈልግ ኮቪድን ማመኑ ተፈጥሯዊ በመሆኑ እምነቱ የሕመሙ ውጤት ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። በእኔ እይታ የተቺዎቹ ክርክር ይበልጥ ያመዝናል፤ እምነትና ሕመም በአንድ ጊዜ ሲለኩ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ስለማይቻል ነው። ያም ሆኖ ጥናቱ ያነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ተመሳሳይ ድካም ያላቸው ሰዎች ሁሉ የድካማቸው መነሻ አንድ ነው ወይ የሚለው፣ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለታማሚዎቹም ይጠቅማል፤ መነሻው የተለያየ ከሆነ ሕክምናውም የተለያየ ይሆናልና።

የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2021 ለዚህ ሁኔታ ያወጣው ትርጓሜ ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽኑ ከጀመረ ከሦስት ወር በኋላ የሚታዩ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆዩና ምክንያታቸው በሌላ በሽታ የማይገለጽ መሆናቸውን ይጠይቃል። ሁኔታውን ለብቻው የሚያረጋግጥ አንድ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። በመሆኑም ሐኪሙ ሥራውን የሚጀምረው ታማሚው ከሚነግረው ነው፦ መቼ ጀመረ፣ ምን ሲያደርግ ይብስበታል፣ ከመታመሙ በፊት ምን መሥራት ይችል ነበር።